አመድ አፋሽ እጄ

የካ አባዶ ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ውሃ ሌሊት ነው የሚመጣው።
ቧንቧው ያስነጥሳል፣ ያጉረመርማል፤
እኔ እነሣለሁ፣ ጣቶቼ ይተኛሉ።
የጀሪካኑን ክዳን በሁለት መዳፌ፣
ከዚያም በክርኔ፣ ከዚያም በአፌ፣
ታግዬ ታግዬ ስከፍተው
ውሃው ሄዷል።
ከታች የብሎኬት መኪና ያልፋል።

ሃያ ሁለት ዓመት ጥልፍ የጠለፍኩበት፣
የስንቷን ሙሽራ ጥበብ ያሳመርኩበት፣
ስንት ቁልፍ የተከልኩ፣ ስንት ጠርዝ የቀመቀምኩበት፣
ይኸው እጄ ዛሬ አንድ ቁልፍ መፍታት አቅቶት
ሹራቤን ሌንሴ ትፈታልኛለች።
«እማዬ፣ ቀጥ በይ» ትለኛለች፤
ትናንት ያለበስኳት ዛሬ ታለብሰኛለች።

«ቁርጥማት ነው» አሉ፣ «ብርድ ነው» አሉ፤
አንዱ ቅቤ ቀባኝ፣ ነጭ ሽንኩርት ሌላ፤
በኋላ ነው የገባኝ፣ ገላዬ ራሱን እንደሚበላ፤
የገዛ ዘበኛው ቤቱን እንደሚዘርፍ በጠራራ፣
ሐኪሟ ስታብራራ።

ኪኒን ሰጠችኝ፣ ትንሽዬ፣ ነጭ።
እብጠቱን አጎደለችው፣ ላመስግናት፤
ግን ፊቴን እንደ ሙሉ ጨረቃ ነፋችው፣
ጭኔን ደግሞ፣ እንጃ፣ ውሃ አደረገችው።
ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ እላለሁ፣
የጎረቤት ልጆች በላዬ ይዘላሉ፣
«ይሄም ያው በሽታዬ ነው» እላለሁ።

አልነበረም።

ኮተቤ፣ ላቦራቶሪ፣ ወረፋ ቁጥር ሰባ አራት፣
«ወይዘሮ ጠጅቱ ኩምሳ!»
ወረቀቱ ላይ፣ ከአንዲት የፈረንጅ ፊደል ጎን፣
ወደ ታች የምታይ ቀስት።
«ፖታሲየም» አለች ሐኪሟ፣ «ወርዷል።
ኪኒኑ ከሽንትሽ ጋር እየሸኘው ነው፤
ምግብም እንደ ድሮው አትበዪም።
ያለ እሱ ጡንቻ አይታዘዝም፤ ልብም ጡንቻ ነው።»
ልብም ጡንቻ ነው!
ይህን ሳላውቅ ነው ስንቱን የቻልኩበት።

«ምንድን ነው?» አልኳት፣ «ይሄ የጎደለብኝ?»
ልጅ እግር ናት፤ ሳቀች፣ ቀና ብላ አየችኝ፤
«ድሮ ከእንጨት አመድ ነበር የሚያወጡት፤
አመድ ውስጥ ያለ ጨው ነው፣ እናቶች ልብስ ያጠቡበት።»

አመድ!
እናቴ፣ ብድሯን ለረሳ ዘመድ፣
አሳድጋው ዞር ብሎ ላላያት ልጅ፣
ሁለት እጇን ዘርግታ «አመድ አፋሽ እጄ!» ትል ነበር።
እኔም ላልተከፈለኝ ጥልፍ፣
በልቶ ለካደኝ ደንበኛ፣
ያንኑ ብያለሁ።
ለካ ሰውነቴ የተራበው
እጄ ያማረረውን አመድ ነው።

ዝናሽ ጎረቤቴ ይህን ሰምታ ደረጃውን ሮጠች፤
«ፖታሲየም ቁርጥማት ያድናል አሉ» ብላ
አንድ ብልቃጥ ኪኒን ይዛ መጣች።
የሐኪሟ ጣት ግን ከዓይኔ አልጠፋም፣ ተቀስሮ፦
«በራስሽ እንዳትጨምሪ፤ ሲበዛም ልብ ያቆማል።
መጀመሪያ ኩላሊትሽ ይታያል።»
ብልቃጡን መለስኩላት፤ ለሳምንት አኮረፈችኝ።

ኩላሊቴ ደኅና ሆኖ ተገኘ።
ድንች ከነልጣጩ ተባልኩ፤ ጎመን፣ ባቄላ፣ ሙዝ።
ሙዝ! በዚህ ኑሮ!
ሸምሱ ጋሪውን ያቆማል ታክሲው በሚዞርበት፣
አስፋልቱ አልቆ አቧራው በሚጀምርበት።
«ሁለት ፍሬ» እለዋለሁ።
«ለልጅ ነው?»
«ለልብ ነው።»
ይስቃል፤ ቀልድ መስሎታል።
መላጡ ግን ያቅተኛል፣ አንገቱ ይጠናብኛል፤
አንድ ቀን በጥርሴ ስታገል አየኝ፤
ምንም አላለም፣ ተቀብሎ ከፈተልኝ።

ሁለት ወር ሆነ።
ቀስቷ ከወረቀቱ ጠፍታለች።
ጣቶቼ? እንደነበሩ ናቸው።
ንጋት ላይ አይሰሙኝም፣ መርፌም አይዙልኝ፤
ሙዝ አላዳነኝም፣ ማንም አይዋሽልኝ።
ብቻ ትናንት፣ ጎመን በፌስታል አንጠልጥዬ፣
ስለ ቤት ኪራይ እያሰብኩ፣
ሁለተኛውን ፎቅ ሳልቀመጥ አልፌው ነበር፤
የታወቀኝ ሦስተኛው ላይ ነው።

ሸምሱ ደግሞ አሁን
ገና ከሩቅ ሲያየኝ
የሁለቱን ሙዝ አንገት ሰብሮ ይጠብቀኛል።