አስተርጓሚዋ ከራሷ አትጨምርም

ቁጥሬ አራት ሺህ ሰባ ነው፤ ስሜ አይጠየቅም።
የተባለውን እላለሁ፤ አልጨምርም፣ አልሰርቅም።
ዊኒፔግ፣ የካቲት፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት፤
እኔ ምድር ቤት፣ በድርብ ካልሲ፣ ጆሮዬ ውስጥ ሁለት ቤት፦
ባንዱ ማሪቴስ፣ ሳርጀንት መንገድ ያለች ፋርማሲስት፤
ባንዱ አቶ ጥላዬ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣
ሽንት ሲያቃጥላቸው ሰንብተው ትናንት ገና ያወጡት ነገር።

«ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ሙሉ ሰባት ቀን፤
ሻል አለኝ ብለው አይተዉት፣ ብልቃጡ ባዶ እስኪሆን።
ከወተት ጋር አይዋጡት፣ ከእርጎም ጋር አይሆንም፣
ጨጓራ ሲነሳ ከሚታኘከው ከነጩ ክኒንም፤
እሱን ከወሰዱ ስድስት ሰዓት ይቆዩ፣
አለዚያ ይኼኛው ሁለት ሰዓት ይቅደም፤
ሆድ ውስጥ ከተገናኙ ተቃቅፈው ይቀራሉ፣
መድኃኒቱ ሥራ አይሠራም።»

እንዲህ ያለ ትዳር አውቃለሁ ልል ምላሴ ጫፍ ደርሶ
ዋጥኩት፤ ያለ ውሃ።

«ተረከዝዎ ላይ ጅማትዎን ካመመዎት
መድኃኒቱን ያቁሙ፤ በዚያው ቀን ይደውሉልን።»
ጅማት አልኩ። የክራሩም የሰውም አንድ ቃል ነው፤
የትኛውን እንደሰሙ እንጃ፣
«ካልተበጠሰ ይበቃል» አሉ።
ይህንንም ተረጎምኩ።

«ከፀሐይም ይጠንቀቁ፤ ቆዳዎ ቶሎ ይቃጠላል።»
ዝምታ። ቀጥሎ ሳቅ፣ ሳል እስኪሆን ድረስ፦
«የቷን ፀሐይ?»
የቷን ፀሐይ ይላሉ፣ አልኩ። ማሪቴስ ቀድማኝ ስቃለች፤
ሳቅ ብቻ ነው በኔ በኩል ሳያልፍ የሚደርስ።

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»
«የለም።»
የለም ይላሉ።
ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ያህል፦
«ልጄ፣ ላንቺ ልንገርሽ፣ ለሷ አትንገሪ፤ አደራ።
የልቤ ምት ሲዛባ የታዘዘች አለች፣ ደም የምታቀጥን።
ከሰማች ይኼን ትነፍገኛለች፤
ሌሊቱን እኔ ነኝ የምቃጠል።»

አደራ በምድር፣ አደራ በሰማይ፤
ከእናቴ ቤት ይዤው የወጣሁት ሕግ ነው።
የቢሮው ሕግ ደግሞ፦ የሰማሽውን ሁሉ በይ።
ሦስት ትንፋሽ ያህል ዘገየሁ፤
ከዚያ ሁሉንም አልኩ፣ ደም ማቅጠኛዋን፣ ሌሊቱን፣
«ለሷ አትንገሪ» ያሉትንም ጭምር።
አደራ የምትለዋን ቃል ብቻ
ማስቀመጫ አጣሁላት።

የማሪቴስ ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ሮጡ፤ ቆሙ።
«ሁለቱ ሲገናኙ ደም አልቆም ሊል ይችላል።
አልተቆጣሁም በይልኝ።
መልሼ እስክደውል አንዲት ፍሬ እንዳይቀምሱ፣
የልባቸውንም ክኒን በራሳቸው እንዳያቆሙ፤
ሐኪሙን አሁኑኑ እጠይቃለሁ፤ ሌላ አይጠፋም።»

አቶ ጥላዬ ረጅም ተነፈሱ።
«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉ።
እሱንም ተረጎምኩት፣
ለኔ እንደሆነ እያወቅሁ።

መስመሩ ተዘጋ። አስተርጓሚ መጨረሻውን አይሰማም።
ቀጣዩ ጥሪ እስኪመጣ መሳቢያዬን ስቤ እስክሪብቶ ስፈልግ
አምና ጉሮሮዬ ሻል ሲለው የተውኳቸው
ስድስት ፍሬዎች ብልቃጣቸው ውስጥ ተንኳኩ።

አራት ሺህ ሰባን የሚጠይቅ የለም።