ሒሳቡ በፊደል ነው

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ብሎኮቹ ቆመዋል ባዶ፣ እግራቸው ጭቃ በጭቃ።
መሰላሌን ይዤ ደረስኩ፣ ብሩሽና አንድ ጣሳ ቀለም፤
ድሪባ ኮንትራክተሩ ውሉ እንደ ሰው ውል አይደለም፦
"የብሎኩ ቁጥር በቃል ይጻፍ፤ አኃዝ አልወድም" አለኝ፣
"በፊደል አሥር አሥር ብር፤ ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።
ክፍት ቦታ አይቆጠርም።" እሺ ብዬ ጀመርኩ ሥራ፤
ያኔ ነው ቁጥር የገባኝ፣ መሰላል ላይ፣ በእኩለ ቀን ጠራራ።

መቶ ብሎ ነገር! ያ ሁሉ ብዛት በሁለት ፊደል፤
አንድ ሦስት እያስከፈለ መቶ ሁለት፣ አይ በደል።
ሰባም ያው ነው፣ ሃያም ያው፤ ብሩሼ ሳይረጥብ ያልቃል፣
ሰማንያ ስምንት ስደርስ ግን ፊቴ እንደ ሠርገኛ ይፈካል፦
ስምንት ፊደል፣ ሰማንያ ብር።
ለፊደሎቿ ጥላ ጨመርኩ፣ በግራጫ፣ በነፃ፣ ዳር በዳር።

ከሁለት እስከ ስምንት ሁሉም በ"ት" ነው የሚዘጋ፤
ሌሊት እንኳ ጣቴ ት ይጽፋል፣ ፍራሼ ላይ፣ እስኪነጋ።
ዘበኛው ጋሽ ይመኑ ከታች ሆነው "ሦስት በንጉሡ ሠ!" ይላሉ፤
በእሳቱም ብጽፈው ሠላሳ ብር ነው፤ እሳቸው ግን እንቅልፍ ያጣሉ።
ድሪባ ደግሞ ቼክ ሲጽፍልኝ "ሁለት ሺ" ብሎ ህዋን ዋጣት፤
"ምነው?" ብል፣ "ፊደል እኮ ዋጋ አለው" ብሎ ሳቀባት።

ልጄ ምንታምር ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ባልዲ ገልብጣ፣
ከሥሬ ትውላለች፣ በጉንጯ ብስኩት አስቀምጣ።
"አባዬ፣ ቁጥር ጥራ። ፊደሉን ቁጠር። የወጣውን
ደግሞ ጻፍና ቁጠር፤ እየው የሚሆነውን።"
አሥራ አንድ አልኩ። ስድስት ፊደል። ስድስት ደግሞ አራት፤
አራት ሦስት። ሦስት ግን ያው ሦስት፤ እዚያው ተገተረች፣ ምን ልበላት።
መቶን ሞከርኩ፤ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ሰማንያ ስምንቴን፤
ስምንት፣ አራት፣ ሦስት። ጉድ ፈላ ብዬ ያዝኩ ራሴን።

"በእንግሊዝኛ" አለች፣ "ሁሉም አራት ላይ ነው የሚቆም፤
ፎር ብቻ ናት ልኳን የምታውቅ፣ አትጎድልም፣ አትተርፍም።"
(ለጎማ ጠጋኙ ፎርን ስጽፍ አንድ ፊደል ጎድሎኝ ነበር፤
ማንም ሳያየው ሁለት ክረምት አለፈ በዚያ በር።)
"የእኛ ግን ሦስት ነው።" ዝም አልኩ። ብሩሹ ይንጠባጠባል።
"በሀ ሁ ተራ ብናሰልፋቸው ደግሞ ሁለት ይቀድማል፣
ዜሮ ጅራት ይሆናል፣ አንድ እዚያ አ ቤት ውስጥ ይደበቃል።"

ሐምሌ ላይ ወረዳ ሄድን፣ የቤቱን ቅጽ ልናድስ፤
ጣሪያው ያፈሳል፣ ፌስታል ደፍተን ቆምን ተራችን እስኪደርስ።
"የቤተሰብ ብዛት፣ በፊደል" አለች ጸሐፊዋ ቀና ሳትል።
የአምናው ቅጽ ላይ የእጅ ጽሑፌ አለ፤ "ሦስት" ይላል።
ያን ጊዜ እናቷ ነበረች። እስክሪብቶው እጄ ላይ ከበደ፤
መሰላል ላይ ያልተንቀጠቀጠ ጉልበቴ እዚያ ወንበር ላይ ራደ።

ጻፍኩ።
ልጄ አንገቷን አስግጋ፣ ጥፍሯን በጥርሷ ይዛ፣ አየችው፤
በጣቷ እያስነካች፣ በለሆሳስ፣ አንድ በአንድ ቆጠረችው፦
ሁ።
ለ።
ት።
"አባዬ" አለችኝ፣ "አሁንም እኮ..."

"ቀጣይ!" አለች ጸሐፊዋ።