የመልቀቅ ስንቅ

ደንገል አንድ ዘንጉ በሕፃን እጅ ይሰበራል፤
በነዶ ሲታሰር ግን ሰው ጭኖ ይሻገራል።
አባቴ አሊጋዝ ይህን ያውቅ ነበር፣
ዘንግ ከዘንግ ሲያጋጥም፣ ነዶ በነዶ ሲያስር፣
ጉልበቱን ከደንገሉ አስደግፎ ሲያጠብቅ፣
ገመዱን በጥርሱ ይዞ ነዶውን ሲያንቅ።

እኔ ግን በኋላ፣ እዚሁ ከተማ፣
መብራት ሲጠፋብን፣ በዶርሙ ጨለማ፣
ከመጽሐፉ ሥዕል ታንኳችንን አየሁ፤
«አባ፣ ክንድህ ውስጥም ደንገል አለ» ብዬ ደውዬ አወራሁ።

ጡንቻ ማለት ነዶ ነው፤ ነዶው ውስጥ ሌላ ነዶ፣
ክሩ ውስጥ ሌላ ክር፣ በስስ ልብስ ተጋርዶ፤
በክሩም ውስጥ ደግሞ ቀዛፊዎች አሉ፣
እልፍ ናቸው፣ ዓይን የላቸው፣ ውሃ ሳያዩ ይቀዝፋሉ።
ነርቭ ከላይ ወርዶ «ተነሡ» ሲላቸው፣
ካልሲየም ገብቶ በሩን ሲከፍትላቸው፣
ጎንበስ ይላሉ፣ ይይዛሉ፣ ይስባሉ፣
ይለቃሉ፣
እንደገና ይይዛሉ።
ክሩ ራሱ አያጥርም፤ አንዱ ባንዱ ላይ ይንሸራተታል፤
እንደ ሁለት እጅ ጣት ሲጠላለፍ ክንድ ይሰበሰባል።

ሳቀብኝ። «ይህን ነው ሰው ከፍሎ የሚማር?
አሳ ስበልት አላየሽም፣ ከቆዳው ሥር፣ በጎኑ መስመር፣
ቀይ ሥጋ አለ፣ ቀጭን፣ ልክ እንደ ቀበቶ?
እሱ ነው ቀኑን ሙሉ የሚያስኬደው፣ አይደክምም ከቶ።
ነጩ ለድንጋጤ ነው፤ መረብ ሲነካው፣ ሻላ ሲያሳድደው
አንዴ ይፈናጠራል፤ ከዚያ እጄ ላይ ነው የሚወድቀው።»
ፈተናው ላይ ጻፍኩት፤ ምንጩን አልጠቀስኩም።
ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። ለአባቴ አልነገርኩትም።

የሞተ ዕለት ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር።
አጎቴ እብሬ ነው ያገኘው፣
አባይ ከሐይቁ ሲወጣ፣ ከቄጠማው ዳር።
ታንኳው ላይ ጎንበስ እንዳለ። ልቡ ነው አሉ።
መቅዘፊያው ከእጁ ነው። ሦስት ሰው ቢስበው
አልለቀቀም።
«መቅዘፊያውን ወዶ ነው» አለ አጣቢው።
«ሐይቁን ነው የጨበጠ» አለ ጎረቤት።
እኔ መጽሐፉን አንብቤያለሁ፤ ዝም አልኩ።

ስንቅ የሚያሻው መልቀቅ ነው።
እያንዳንዱ ቀዛፊ ከያዘው ክር እጁን የሚያነሣው
ከምግብና ከትንፋሽ የተሠራች
አንዲት ቅንጣት ጉልበት ስትደርሰው ነው።
ትንፋሽ ሲቆም ስንቁ ያልቃል፤
እልፉም እንደያዙ ይቀራሉ፤ ክንድ እንጨት ይሆናል።
ፍቅር አይደለም።
ወይም ፍቅርም እንዲህ ከሆነ፣ አላውቅም።

«በግድ አትሳቡት» አልኳቸው።
ለብ ያለ ውሃ አስመጥቼ ጣቶቹን አንድ በአንድ አሸሁ፣
አውራ ጣቱን፣ ሌባ ጣቱን፣
መንጠቆ የቀደዳትን ያችን ትንሿን።
ቀብሩ ከዙሁር በኋላ ነበር፤ ጊዜ አልነበረንም።
መቅዘፊያው ወጣ።
እጁ ግን እንደ ጨበጠ ሄደ፤ አልዘረጋንለትም።

በአራተኛው ቀን ታንኳውን ገፍቼ ገባሁ።
ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ከወር በላይ አይቆይም።
ክንዴ እስኪንቀጠቀጥ ቀዘፍኩ፣
ከዚያም በኋላ።
በማግስቱ ቀሚሴን ማጥለቅ አቃተኝ፤
ክሮቼ ተበጣጥሰዋል። ተኝቼ ሳለሁ ይሰፋሉ፣
ወፍረውም ይነሣሉ። ደንገል ይህን አይችልም።

እህቴ ዘሃራ ቂጣና አሳ አቀረበች። «ብዪ» አለችኝ።
ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመስኩም ነበር።
በላሁ፤ ጉርሻው ከእጄ ላይ እየተንቀጠቀጠ።
መቅዘፊያው በር ጥግ ቆሟል።
መያዣው፣ በአራት ጣት ልክ፣
ጎድጉዷል።