አምስተኛው ጥያቄ

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ዐሥራ አንደኛ «ለ»፣
መምህር እንየው መጥቶ ሰሌዳው ላይ እግር ሣለ፤
ቁርጭምጭሚት የሌለው፣ ጣቱ የተዋጠ፣
እንደ ጎታ ግርጌ ታች ድረስ ያበጠ።
«እርግማን አይደለም፤ ቡዳም አልበላው፤
ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም ጣጣው።
ይህ የምንረግጠው ቀዩ አፈር ነው ጠንቁ፣
በቆዳ ይሰርጋል ብናኙ፣ ደቃቁ።»
ውኃ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ፤
ጻፍኩት። እጄ ጻፈ። ጆሮዬ ግን አልሰማ።

ጆሮዬ ጓዳ ነበር፣ ከመጋረጃው ኋላ፣
አክስቴ ይታይሽ ሰው ሽሽት ተጠልላ።
ስሟ ይታይሽ ነው፤ ማንም ሰው አላያት፣
«ዘር አለባቸው» ብሎ እጮኛዋ ከተዋት።

«ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሃያ ቤት ጠይቁ፤
ስም አይጻፍ፤ ቁጥር ነው፤ ሰውን አታሳቅቁ።»
እኔና ምንይችል የደምበጫን ጭቃ ዞርን፣
ሽንት ቤቱን፣ አጎበሩን፣ የእጅ መታጠቢያውን ቆጠርን።
አምስተኛው ጥያቄ፦ «እግሩ ያበጠ አለ?»
አንዱ በሩን ዘጋ፣ አንዷ ሳቀች፣ አንዱ ማለ።

ሃያኛው የኛ ነው። ከዋንዛው ሥር ቆሜ፣
«ጻፍ፦ የለም» አልኩት፣ ሳይጠይቀኝ ቀድሜ።
ሦስት ፊደል ናት «የለም»፤ ግን ሰው ትውጣለች።
የጭቃው ግድግዳ ስስ ነው፤ ሰምታለች።

ቅጹ እኔ ጋ አደረ።
ማታ በሶላር መብራት ቁጥሩን ስደምር፣
መጥታ ተቀመጠች፣ እግሯን ሳትሰውር።
ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ይዛ
አገላበጠችው፣ ጨርቅ እንደምትገዛ።
«የቱ ጋ ነኝ እኔ?»
ጣቴ ሄደ፤ ሄደና ባዶ ሳጥን ላይ ቆመ፤
ከእሷ እግር ይልቅ የኔ ጣት ታመመ።
«በይ ጻፊኝ» አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም።

በነጋታው፣ ክፍል። መምህር እንየው ደምሮ
«ሰባት» ብሎ ጻፈ፣ ወረቀቱን ቆጥሮ።
ተነሣሁ። «ስምንት ነው።» ምንይችል ዞሮ አየኝ።
«ይታይሽ። አክስቴ ናት።» ድምፄ አላነሰኝ።
ስም አይጻፍ ተብሎ፣ ስሟን ግን ጠራሁት፤
ሰባትን ሲሰርዝ ጠመኔው፣ ሰማሁት።

ቅዳሜ፣ ለጫማ ሰፊው ልኳን ልወስድ፣
ከተረከዟ ጀምሬ ዙሪያውን በክር ስሄድ፣
ክሩ አለቀብኝ፣ ግማሹን ሳልጨርስ።
ሳቀች። እኔ ፊት ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።
«ቀጥይበት» አለች፤ «እግሬ ሰፊ አገር ነው፣
በአንድ ክር አይደረስ።»