በቃል አሥር ሳንቲም

ሰኔ ነው። ጅማ ላይ ሰማዩ ተቀዷል፤
አወይቱ ጭቃውን ተሸክሞ ወርዷል።
እኔም ከፈረንጅ አራዳ፣ ከጋሽ ተማም በር፣
ሃያ ሰባት ገጼን ይዤ እወርድ ነበር፣
በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በብብቴ ሸጉጬ፣
የንዴቴን ምራቅ ደጋግሜ ውጬ።

ስለ አባቴ ሞት ነው። ሁለት ክረምት ጻፍሁት።
ለእህቴ አነበብሁላት፣ ለዕድሩም አሰማሁት፤
ሁሉም አለቀሱ።
ጋሽ ተማም ግን ዝም፤ አረንጓዴ እርሳሱ
ብቻ ነው የሮጠው፣ ከግርጌ እስከ ራሱ።

ጋሽ ተማም አባ ፎጊ ድሮ የቴሌ ሰው ነው፤
የጅማን ልደትና ሞት በቃል የተመነው፤
ከጠባብ መስኮት ኋላ ሥራው ሠላሳ ዓመት
«አሥራ አንድ ቃል፤ አንድ ብር ከአሥር» ማለት።
ጡረታ ከወጣ የሰው ድርሰት ያያል፤
ዛሬም በየቃሉ «አሥር ሳንቲም» ይላል።

«ወዮ»ን ሰረዘ። «የእንባ ጎርፍ»ን ሰረዘ።
«ዋርካ»ዬን ከነጥላው ከሥሩ ገዘገዘ።
አራት ገጽ መግቢያዬን፣ ጨረቃ የወጣችበትን፣ አለፈና
«ከዚህ ጀምር» አለ፣ ገጽ አምስት ላይ ቀስት ሠራና።
ከሁሉ የከፋችው፣ ኅዳጉ ላይ በደቃቅ
የተጻፈች ናት፣ ጉሮሮ የምታንቅ፦
«አንተ በየመስመሩ አለህ፣ ቆመሃል አምረህ፤
አባትህ ግን የታለ? የት ጣልኸው ወስደህ?»

ድልድዩ ላይ ቆሜ መልሴን አሰማመርሁ፤
«አንተ ምን ታውቃለህ?» አልሁ። ጮክ ብዬ አልሁ።
«የሽቦ ጸሐፊ! የሳንቲም ቆጣሪ!»
አንድ ባጃጅ ቆመ፤ «ኧረ በፈጣሪ፣
ከብረቱ ራቅ በል!» ሲል ጮኸብኝ ነጂው፤
ራሴን የምጥል መስሎት ነው፣ ምስኪኑ ታዳጊው።
ልጥል ያሰብሁትስ ወረቀቱን እንጂ!
አፈርሁ። ተጠለልሁ ከአንድ ልብስ ሰፊ ደጅ።
ዶፉ እስኪያባራ ድረስ ገጾቼን ገልጬ
እንደ ባዕድ ጽሑፍ አነበብሁ፣ ዱካ ላይ ተቀምጬ።

አባቴ የለም።
ዋርካ አለ። አንበሳ አለ። ምሰሶ አለ። እሱ የለም።
የተሰበረ መነጽሩን በሽቦ የሚያስር፣
በእንቅልፉ የሱቅ ዱቤ የሚደምር፣
ከዕንቁላሉ አስኳሉን ለእኔ የሚያቆይ፣
የጭነት መኪናን ባለቤት በጡሩንባው የሚለይ፣
ያ ሰውዬ የለም።

በማግስቱ ሄድሁ። «ልክ ነህ» ለማለት
ሁለት ቃል ነው፤ ሃያ ሳንቲም። ምን ያህል ከበደኝ ማውጣት!
እሱ ግን አልኮራም። ወንበር ሳበልኝ፤
እርሳሱን አስቀምጦ እንዲህ ሲል አወጋኝ፦

«አንተ ሐረር ሳለህ፣ ስትማር መምህርነቱን፣
አባትህ መስኮቴ ላይ መጣ፣ ይዞ ቴሌግራሙን።
ዘጠኝ ቃል ነበረች። ሰማንያ ሳንቲም ነው ያለው።
ቆመ፣ አሰበ፣ አሰበና አንዱን ቃል ሰረዘው።
ስምንቱን ላክሁልህ። ወረፋው ረጅም ነበር።
የቱን እንደ ሰረዘ ግን አላየሁም። ይቆጨኛል፣ ከምር።»

ያቺ ቴሌግራም አለችኝ፣ ሣጥኔ ውስጥ ታጥፋ፦
«ደህና ነን። ብር ላክሁ። ክረምት ሳይገባ ና። አባትህ።»
ቆጠርኋት።
ስምንት።

መብራት እስኪጠፋ ሠራን፤ ከዚያም በሻማ።
«እንደ ነብር?» ይለኛል፤ «ነብር አይተህ ታውቃለህ?»
«አላየሁም።» «በል እንግዲያ፣ ልቀቀው ይሂድ እባክህ።»
ሃያ ሰባቱ ገጽ ስድስት ሆነ። እሺ አልሁ፣ ሳላቅማማ።

አንዲት ቃል ስትቀር፣ የመጨረሻዋ፣ «ናፈቅኸኝ» የምትል፣
«ትርፍ ናት፤ ግጥሙ ብሎታል» አለና እርሳሱን ሊያሳርፍ ሲል
እጁን ያዝሁ፣ በቀስታ። ከኪሴ ፈልጌ
አሥር ሳንቲም አኖርሁ፣ ከወረቀቱ ግርጌ።

አየኝ። ሳንቲሟን አየ። አገላበጣት።
ቃሏን ተዋት።
ሳንቲሟን ግን ኪሱ ከተታት።