አየር ይሰረዝ

ከለገሃሩ ፊት፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ፣
በሰው ልጅ ክርክር መዝገቤ ሲሞላ፣
የቤት ኪራይ ውል፣ የፍቺ አቤቱታ
ስተይብ ስውል ከጠዋት እስከ ማታ፣
አዴር ሂርሲ መጣ፣ ሐዲድ ያጎበጠው ሰው፣
በፌስታል የያዘውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አፈሰሰው።
«ምን ልጻፍልዎ? ክስ ነው ወይስ ይግባኝ?»
«ባቡር ነው» አለኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሐዲድ ያቀያየረ፣
አንዱን ወደ ጅቡቲ፣ አንዱን ወደ አዋሽ ሲሸኝ የኖረ፣
እሱ ግን ከሽንሌ ማዶ ያልተሻገረ፤
አሁን በጡረታው፣ በጭነት ደረሰኝ ጀርባ፣
በአረንጓዴ እስክሪብቶ፣ ገጽ መቶ አርባ
ልብ ወለድ ጽፏል፤
ከድሬ ተነሥቶ ከዋክብት መሃል የሚያዘግም ባቡር፣
መድረሻው ሬዲዮ ያወራለት፣ ቀይ ፀሐይ የሚዞር
አዲስ የተገኘ ምድር።
ግማሹ ዘላለም ቀትር፣ ግማሹ ዘላለም ጨለማ፣
መሃሉ ላይ ቀጭን ማምሻ፣ እንደ ከዚራ ዛፎች ሥር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ግድማ።

«ቀትሩን አውቀዋለሁ፤ ሳቢያን፣ ቆርቆሮ ቤት ኖሬበታለሁ።
ጨለማውንም አውቀዋለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ደጅ አድሬበታለሁ።
የቸገረኝ መሃሉ ነው።»

በዚያ ማምሻ ላይ ጣቢያ ሠርቷል በቀለም፣
ጣቢያው ላይ ሻጮች፤ ከየት እንደመጡ አይጠየቅም።
ባቡሩ ሲቆም በየመስኮቱ እጅ ይዘረጋል፣
ጊሽጣና ዘይቱን ይገባል፣ ብር ይወጣል፤
ባቡሩ ሲነሣ ደግሞ
አንዲት ልጅ፣ መልስ ያልሰጠች፣
ሳንቲሙን ጨብጣ ከመስኮቱ እኩል ትሮጣለች።

አንድ ማክሰኞ ላብ አጥምቆት መጣ፣ ሬዲዮውን በብብቱ ይዞ።
«ሰማሽ?» አለኝ፣ ቆሞ፣ በርበሬ መስሎ፣ ፈዞ፤
«ትልቁ መነጽር አይቶ፣
ለካ አየር የለውም፤ ሰማዩ ተገፎ፣ ድንጋዩ ብቻ ቀርቶ።
ስለዚህ ይሰረዝ።»
«ምኑ?»
«አየሩ።»

«ልብ ወለድ እኮ ነው፤ ማን ይከስዎታል?»
«ሐዲድ ለዋጭ ነኝ፤ በአንድ ጣት ስሕተት ባቡር ይገለበጣል።»

ከገጽ ስልሳ ጀምረን አየር ለቀምን፣ እንደ ምስር ጠጠር።
ነፋሱ ወጣ። የባንዲራው መውለብለብ ወጣ።
የዘይቱኑ ሽታ ወጣ፣ የሻጮቹ ጥሪ ወጣ፤
ፉጨቱም፤ አየር ከሌለ ባቡር በምን ይጮሃል?
መስኮቶቹን ሁሉ በብሎን አጠበቅን።

እዚህ ላይ መነጽሩን አወለቀ።
«መስኮቱ የማይከፈት ባቡር» አለ፣
«ምን ይባላል?»
አዲሱን ባቡር አሰብኩ፣ ከከተማ ርቆ የሚቆመውን።
አልተናገርኩም።

እሱ ሄደ፤ እኔ አምሽቼ ልጅቷ ጋ ደረስኩ።
ገጽ ዘጠና ሦስት። እንደ ድሮው ትሮጣለች፤
በምን ሳንባ?
ማጥፊያው ከጣቴ ሥር ነበር።
እየሮጠች ትቻት መብራቱን አጠፋሁ።

በነጋታው በጣቱ እየተከተለ አነበበ፣ መስመር በመስመር።
ዘጠና ሦስት ላይ ጣቱ ቆመ፤
ረጅም የዕቃ ባቡር ደቻቱን እስኪሻገር ያህል ቆመ።
ቀና ብሎ አየኝ። ገጹን ገለጠ።
«ስንት ነው?» አለ ሲጨርስ፤ ብሩን ሳይቆጥር አስቀመጠ፣
ወረቀቱን በፌስታል አድርጎ፣ ፀሐዩ ውስጥ ገባ።

ቆጠርኩት። ሠላሳ ብር ትርፍ አለው።
ሱቄን ሳልዘጋ፣ ሠላሳዋን ጨብጬ፣
ነጠላ ጫማዬ አስፋልቱ ላይ እየተጣበቀ፣
በባጃጆቹ መሃል «አዴር! አዴር ሂርሲ!» እያልኩ
ሮጥኩ።
አየሩ እሳት ነበር።
ግን ነበር።