ሰባት ሰከንድ ተኛ

ከለገሀር ማዶ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
መስኮቷ የድሮውን ባቡር ጣቢያ የሚያይ
ጠባብ ክፍል አለች፣
በነሐሴም በግንቦትም ሹራብ የምታስለብስ፣
ሰርቨሮቹ ሲተነፍሱ አብራ የምትተነፍስ።

እዚያ ነው የተላክሁት በጥቅምት መባቻ፣
«አሮጌውን ማስነሻ ንቀይ» ተብዬ ብቻ።
ሊኑክስ የደቦ እርሻ ነው፣ ማንም ያርሰዋል፣ ማንም ያርመዋል፤
ደቦው ተስማምቶ እንዲህ ብሏል፦
«ከመጪው ዕትም ጀምሮ የቀድሞው ድጋፍ ይቋረጣል፣
ያልተዛወረ አገልግሎት ተኝቶ ይቀራል።»

ማህደሩን ከፈትሁ።
ሠላሳ አንድ ፋይል፣ ቁጥሩን በግንባሩ ለጥፎ፣
እንደ ቀበሌ ወረፋ ተራ በተራ ተሰልፎ።
ዐሥር፦ ዲስኩ ይፈተሽ። ሃያ፦ መረቡ ይዘርጋ።
ሃያ አምስት፦ ሰዓቱ ይስተካከል፣ ቢመሽም ቢነጋ።
አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ንቅንቅ አይልም፤
ልክ እንደዚያ ባቡር፣
አቃቂን ሳይሳለም፣ ደብረ ዘይትን ሳያይ፣
ሞጆ ላይ ውሃ ሳይጠጣ ናዝሬት እንደማይገባው።

አዲሱ እንዲህ አይደለም።
እንደ ሜክሲኮ ታክሲ ረዳት ሁሉንም ባንድ አፍ ይጠራል፤
ማን ማንን እንደሚጠብቅ ያውቃል፣ የቀረውን ይለቃል።
ወደድሁት። ለምን እዋሻለሁ?
አሮጌ ነገር ሲሄድ ማልቀስ አልችልበትም፤
የሚያለቅሱትን ግን አልንቅም።

ደግሞ ጽሑፎቹ የሰው ነበሩ።
ከመሰላል ምልክቱ ኋላ፣ ማሽኑ በማያነበው ጥግ፣
አምደብርሃን የሚባል ሰው በላቲን ፊደል አማርኛ ይጽፋል፦
«ይህን አትንካ፣ እኔም ነክቼ ነው ያወቅሁት።»
«ዝናቡ አላስወጣ አለኝ፣ እዚሁ አድሬ ጨረስሁት።»
«ፋሲካ ነው። እኔና ማሽኑ ቀረን።»
ስልሳ ቁጥር ላይ ደግሞ አንድ ትእዛዝ ብቻ፦
ሰባት ሰከንድ ተኛ።
ከጎኑ፦ «አትጠይቅ።»

አልጠየቅሁም። ሰረዝሁት።
ማሽን ምን ያንቀላፋል? ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ነው አልሁት።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሁሉም በዐሥራ አንድ ሰከንድ ተነሣ፤
ወይዘሮ ጽዮንማርያም ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።
ማክሰኞ መብራት ሄደ።
ጄኔሬተሩ ምድር ቤት አንዴ አሳለ፣ ሁለቴ አሳለ፣
ጉሮሮውን ጠረገ፤
ማሽኖቹ ግር ብለው ተነሡ፣
የመዝገቡ ዲስክ ግን አቤት አላለም።
ደግሜ ጠራሁት። ሠለስሁ።
በዚያ ብርድ፣ ከሹራቡ ሥር፣ አላበኝ።

ስልካቸውን ከአሮጌ ደብተር ጀርባ አገኘሁት።
ዶሮ ማነቂያ አልነበሩም፣ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ናቸው።
«ተነሺ ነኝ» አሉ፣ «የልማት ተነሺ።
አንቺስ? የአንቺ ተነሺ እምቢ አለሽ?»
ሳልጨርስላቸው ሳቁ፦
«ሰባቷን ነካሻት!
ጄኔሬተር ሲነሣ ይንገዳገዳል፣ አቅሉን እስኪያውቅ፤
ያኔ ዲስኩን ከጠሩት ደንግጦ ይቆለፋል።
ስድስት ሞከርሁ፣ አነሰ። ስምንት በዛ።
ሦስት ሌሊት በጣቴ የቆጠርሁት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልጻፉትም?»
ዝም አሉ። ከኋላቸው ባዶ ጀሪካን ሲንኳኳ ይሰማል።
«የምሄድ አልመሰለኝማ።»

እኔ ጻፍሁት።
በአዲሱ ማስነሻ፣ በአዲሱ ሕግ፣ ከመሰላሉ ኋላ፣
በገዛ ፊደላችን፣ አሁን ይቻላል፣
ጄኔሬተሩን፣ ዲስኩን፣ ሦስቱን ሌሊት፣ ስማቸውን ከነአባታቸው።
ከዚያ አሮጌውን ማህደር ደመሰስሁ።
እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ ትንሽ ቆየ እንጂ።

ዛሬም ሄደ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ።
ጣቢያው ጨለመ፣ አዲሶቹ የመንገድ መብራቶች ጨለሙ፣
ከምድር ቤት ያ ሳል መጣ።
ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ለመነሣት ሲጋፋ
አንዱ ብቻ ተኝቷል።
በጣቴ ጀመርሁ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…
ስድስት ላይ ትንፋሼን ያዝሁ።